ጣና ላይ ፎቶ ለማንሳት የቱ ሌንስ ይሻላል፦ 50 ሚሊ ሜትር ወይስ ሩቁን የሚያቀርበው ዙም፣ 70-300?

ዋጋ፦ 50 ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል) ርካሽና ቀላል ነው። 70-300 ይወደዳል፤ አንገት ላይም ይከብዳል።

ብርሃን፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የግድግዳውን ሥዕል ያለ ፍላሽ ለማንሳት 1.8 ያስፈልጋል፤ ፍላሽ እዚያ ባይበራ እመርጣለሁ። ዙሙ 300 ላይ 5.6 ከሆነ የሚያስገባው ብርሃን የ1.8ቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው።

ርቀት፦ ፔሊካን በ50 ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ዙሙ ላባውን ሳይቀር ያሳያል። ጀልባ ስለሚወዛወዝ ግን ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አፍጥኑት።

ያገለገለ ስትገዙ፦ በስልክ ባትሪ ውስጡን አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ ፊት ለፊት አንሱና የፎቶውን አራት ማዕዘን ጥራት አስተያዩ።

ለሰው ፊት፣ ለገዳምና ለምሽት 50። ለወፍ፣ ዓባይ መውጫ ላይ ላለው ጉማሬም 70-300።