የቀበሌያችንን ኤክስቴንሽን ላመስግናት

ይህ ምስጋና ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቃታል።

የእህቴ ልጅ ሰባት ወሩ ነው። ሳል ያዘው። መጀመሪያ የወሰድነው አንድ መድኃኒት ቤት ነበር። ሰውዬው ልጁን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሽሮፕ ሸጠልን። ሳሉ ባሰበት፤ ትኩሳትም ተጨመረ። በመጨረሻ እናቴ ተቆጥታ ጤና ኬላ አስወሰደችን።

ኤክስቴንሽኗ መድኃኒት አላነሳችም። የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጋ ሆዱን እያየች ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች። እናቴ ልጁን ልታባብል ስትል፣ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ካለቀሰ ቁጥሩ ይበላሻል» አለቻት። «እሺ ልጄ፣ ቁጠሪ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ሙሉ አንድ ደቂቃ። 58 ወጣ። በዚህ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ጡት መጥባት አቅቶታል ወይ፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ፣ አንቀጥቅጦት ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ወዲያው ሪፈር ነበር። ስላልነበረ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ለአምስት ቀን ሰጠችን። የመጀመሪያውን ፍሬ እዚያው በማንኪያ አሟሙታ እህቴ ራሷ እንድታጠጣው አደረገች። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁን አምጡት ብላን ነበር፤ እኛ ከመሄዳችን በፊት ራሷ ቤት መጣች።

መድኃኒቱም፣ ቆጠራውም፣ ክትትሉም በነፃ ነው።

ብዙ ሰው ኤክስቴንሽን ሲባል የሚመጣለት «ሽንት ቤት ቆፍሩ» የምትል ልጅ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ መከላከል ላይ ስለነበር አይፈረድበትም። አሁን ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ወባ ያክማሉ። በክንድ ልኬት በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ይለያሉ፤ ይከትባሉ። የቤተሰብ ማህደር የሚሉት ፎልደርም አላቸው። የእህቴን ቤት ማህደር አውጥታ አየችና «ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ይምጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወሩ» አለች። እኛ እንኳ ረስተነው ነበር።

ከጀርባዋ ያሉትንም ልጥቀስ። አንድ ጤና ጣቢያ በአብዛኛው አምስት ጤና ኬላዎች አሉት፤ መድኃኒቱም ክትባቱም የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተያዘ ሊበላሽ ይችላል፤ በዚያ መንገድ በበረዶ ሳጥን ተሸክሞ የሚያደርሰውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ሠራተኛ መመደቡ፣ በጀቱ፣ ክትትሉ ደግሞ የወረዳው ጤና ጽህፈት ቤት ሥራ ነው። የእኛው ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ሥራውን ሠርቷል፤ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ስለዚህ ትንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ያለባችሁ፣ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ከአቅሟ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ትጽፍላችኋለች፤ ከዚያ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የያዛችሁ በተለይ ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፤ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት የለችም ብላችሁ አትመለሱ፤ ቤት ለቤት ወጥታ ይሆናል፣ ጎረቤት ጠይቁ ወይ ደውሉላት።

ከወረዳው ይህን የሚያነብ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ጤና ኬላው ውሃ የለውም። እጇን የምትታጠበው ከቤቷ በጄሪካን ባመጣችው ውሃ ነው። እባካችሁ እሱን ነገር እዩት።