ስፒከር ቤት ውስጥ ለምትሠሩ፦ ዊን አይኤስዲ ወይስ ቪቱክስካድ?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ባለችኝ ትንሽ ክፍል ለራሴና ለወዳጆቼ ስፒከር እሠራለሁ። ኮምፔንሳቶ ውድ ነው። እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት ሳጥኑን ኮምፒውተር ላይ መሞከር የግድ ነው።

ለጀማሪ ዊን አይኤስዲ የተባለውን የስፒከር ሳጥን መንደፊያ ሶፍትዌር እመክራለሁ። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የስፒከሩን የቲል-ስሞል ቁጥሮች (የስፒከሩን ጠባይ የሚገልጹ ልኬቶች) ታስገባላችሁ፤ የሳጥኑን ሊትርና ባሱን ለማጠናከር ሳጥኑ ላይ የሚገጠመውን የአየር ቱቦ ርዝመት ያወጣላችኋል። እኔ በጣም የምወደው በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አየር ፍጥነት የሚያሳየውን ግራፍ ነው። መስመሩ በሰከንድ ከ17 ሜትር ካለፈ፣ ባሱ ሲመታ ቱቦው ፉፉ ማለት ሊጀምር ይችላል። ያኔ የፒቪሲ ቱቦውን ከ75 ወደ 110 ሚሊሜትር አሳድገዋለሁ። ሲሰፋ ግን መርዘምም አለበት፤ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እዚያው አያለሁ። አንድ ጣውላ ሳይበላሽ!

ክሮስኦቨር (ድምፁን ለባሱና ለቀጭኑ ድምፅ ስፒከር የሚያከፋፍለው ሰርኪት) ላይ ግን ዊን አይኤስዲ አያዛልቅም። ለእሱ ቪቱክስካድ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ለግል አጠቃቀም በነጻ ይገኛል። ድምፁ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም እንዴት እንደሚሰማ ያሳያል፤ ሳሎን ውስጥ ተበታትኖ ለሚቀመጥ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መስኮቶቹ ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። በማይክ የተለካ ዳታ ካልሰጣችሁት ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ገበያ ስትወጡ የቲል-ስሞል ቁጥር የሌለው ስፒከር አትግዙ፤ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ቢምልላችሁም። ዋት ብቻ የተጻፈበት ካርቶን ለየትኛውም ሶፍትዌር አይበቃም።