አክስቴ ባቡር ስላቸው ወፍጮ መሰላቸው

ዘንድሮ ልጆቼን ይዤ ከእንግሊዝ ጎንደር ገብቼ ነበር። ለምትመጡ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ማረፊያችን ፒያሳ አጠገብ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። "ሙቅ ውሃ ሁሌም አለ" ያሉን ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማለታቸው ኖሯል። አንሶላው ግን ንጹሕ፣ የቁርሱ ፍርፍርም ቂም የሚያስረሳ ነው። ሒሳቡ መጀመሪያ በፈረንጅ ዋጋ ተጻፈብኝ፤ ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ሳወጣ ተስተካከለ። ካርዱን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት።

ከሁሉ የረካሁት በባጃጁ ነው። ልጁ የኮንትራቱን ዋጋ ቀድሞ ተናገረ፤ ከፋሲል ግንብ ወደ መዋኛው፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰደን። ልጆቼ ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ቆጥረው እስኪሰለቹ ጠበቀን፣ ጭማሪም አልጠየቀ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ትንሹ ልጄ "ልክ እንደ ኒው ሮምኒዋ ባቡር!" ብሎ ጮኸ።

አልተሳሳተም። ኒው ሮምኒ ኬንት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆቹ ከ1927 ጀምሮ በእንፋሎት የምትሄድ፣ ከትልቁ ባቡር ሲሶ የምታህል ባቡር አለቻት። የሐዲዷ ስፋት 38 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ግን ከሃይዝ እስከ ደንጀነስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። ነጂው ከሰሉ ፊት ቁጭ ብሎ እሳቱንም ራሱ ይቆሰቁሳል፣ ረዳት የለውም። የተሳፈርን ቀን ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንዲት የጥላሸት ቅንጣት ነጭ ሸሚዜ ላይ አረፈች፤ በጣቴ ላነሳት ስል ጥቁር መስመር ሆና ቀረች። እስከ ዛሬ አልለቀቀችም።

በባጃጅ የዞርን ቀን ማታ የዚያችን ባቡር ቪዲዮ ለአክስቴ አሳየኋቸው።

"እትዬ፣ ባቡር ነው።"

"ዱቄቱ የታል ታዲያ?"

ለእሳቸው ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። እኔም በልጅነቴ ጤፍ ተሸክሜ ባቡር ቤት ወረፋ የጠበቅሁ ነኝ፤ ጎንደር ሐዲድ የሚባል ገብቶ አያውቅም። የቃሉ መነሻ የጣሊያኖቹ ቫፖሬ ነው፣ እንፋሎት ማለት። በናፍጣ ሲንደቀደቅ የኖረው የሰፈራችን ወፍጮ ስሙን የወሰደው እንዲያው በሞቅታ ነው።

አክስቴ ደግመው አዩት። ነጂው አካፋውን ሲያነሳ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣

"ኧረ ለዚህ ሰውዬ ልብሱን ማን ያጥብለታል?" አሉ።