አራት ቢዝነስ ቀያይሮ ደላላ ከሆነ ሰው ጋር ቤት ገዛን (ረጅም ነው ታገሱኝ)

ሬቪው ምናምን መጻፍ ልማዴ አይደለም፣ ግን ቤት ፍለጋ 7 ወር ሙሉ ከዚ ሰውዬ ጋር ስንዞር ያየ ሁሉ በውስጥ መስመር እየገባ «እንዴት ነው፣ ይታመናል?» እያለ ስላስቸገረኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ የማጉረመርምበትም ነገር ስላለ ደስ አይለኝም። የሚያውቀው ሰው ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ይለየዋል። በነገራችን ላይ ደላላ ስትሉት ይከፋዋል፣ ኤጀንት በሉት።

መጀመሪያ ቀን ባለቤቴ «ልምድህ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «በቤት 3 ዓመት፣ በመክሰር 12» አለ። እኔ በልቤ አለቀልን አልኩ፣ ያጠራቀምነውን ሰብስበን የምንሰጠው ለከሳሪ ነው እንዴ? ባለቤቴ ግን ሳቀ፣ እሱ ከሳቀ ደግሞ በቃ ነገሩ ተወስኗል ማለት ነው።

ታሪኩን መኪና ውስጥ በክፍል በክፍል ሰምቼዋለሁ፣ አንዳንዱን ክፍል ሶስቴ። ሲጀምር ሞባይል ጠጋኝ ነበር፣ ከጓደኛው ጋር ሱቅ ከፍተው ጓደኝነቱም ሱቁም ባንድ ሳምንት ፈረሰ። ከዛ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ። ከዛ «ገንዘብ ያለው ጭነት ላይ ነው» ብሎ በብድር የጭነት መኪና ገዛ፣ መኪናው መንገድ ላይ ከዋለበት ጋራዥ ያደረበት ይበልጣል። ከዛ ማተሚያ ቤት፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ የሰርግ ጥሪ። ወደ ቤት ሥራ ያስገባው ይሄ ማተሚያ ቤት ነው ግን እንደምታስቡት አይደለም። አከራይ ኪራይ በጨመረበት ቁጥር ማሽኑን ተሸክሞ እየወጣ በ4 ዓመት ውስጥ ሶስት ቦታ ቀየረ፣ በዛ መሀል የኪራይ ውል ማንበብ ለመደ፣ የቱ አከራይ ቃሉን እንደሚያጥፍ፣ የቱ ሱቅ መቼ እንደሚለቀቅ አወቀ፣ ጎረቤት ነጋዴዎች «ለኛም ፈልግልን እንጂ» ማለት ጀመሩ፣ አንዱ ቦታ ሲያገኝለት የድካምህ ብሎ የሰጠው ከማተሚያው የወር ትርፍ በለጠ። ማሽኑን ሸጠው።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው አገልግሎቱን ያለ ታሪኩ ማስረዳት ስለማይቻል ነው። ሰውየው የተዋቸውን ሥራዎች ሁሉ ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው።

ለምሳሌ ፎቶ። የሚሸጥ ቤት ፎቶ ስልክለት ገና ሳያጎላው «ይሄ በሰፊ ሌንስ ነው የተነሳው፣ ጥግ ላይ ያለችውን ወንበር እያት፣ ተለጥጣለች» ይለኛል። ሰፊ ሌንስ ርቀትን ያጋንናል፣ ሳሎኑ አዳራሽ ይመስላል፣ ስትሄጂ ሶፋ ከገባ ሰው የማይገባበት ሆኖ ይገኛል። እሱ ራሱ ፎቶ ሲልክልን በር ላይ ቆሞ በዓይን ቁመት ያነሳል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያቆማል። እኔ 1.60 ስለሆንኩ 7 ወር ሙሉ ማስመሪያ ሆኜ አገልግያለሁ።

ጠጋኝነቱ ደግሞ ባትሪና ብሎን መፍቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ቤት እንደገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ቧንቧዎቹን ሁሉ ባንዴ ይከፍትና ሽንት ቤቱን ይለቃል፣ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማየት። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካየ ይቆማል፣ ከመሠረት መስጠም ሊመጣ ይችላል ይላል፣ በሮቹ ወለሉን እየፋቁ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል። አንዱ ቤት በጣም ወደን ነበር፣ ኮርኒሱ ላይ ግን አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ «ልጆች ኳስ መተውበት ነው» አለን። እኔ አምኜ ነበር። እሱ ምንም ሳይል ወጣና ላይኛው ፎቅ አንኳኳ፣ በሩን የከፈቱት እናት «ውይ እሱ እኮ የኔ መታጠቢያ ነው የሚያፈሰው፣ ስንቴ ተጣላንበት!» አሉ። ኳሷ እዛ ጋ አለቀች። አንድ ነገር ግን ላመስግነው፣ የመጨረሻውን ቤት ስንይዝ «እህቴ፣ እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ስለ መሠረትና ጣሪያ መሐንዲስ ቅጠሩ፣ ደሞ እኔ የማላውቀው ይሁን» አለን። ከሱ ኪስ የማይገባ ወጪ እንድናወጣ መምከሩ ነው ያሳመነኝ።

ትልቁ ግን የጭነት መኪናው ትምህርት ነው። ብድር ላይ ሰውየው ቀልድ አያውቅም። ባንክ ከመሄዳችን በፊት አስቀምጦን በምሳሌ አስልቶ አሳየን፦ ለ20 ዓመት በ10 በመቶ ወለድ ብትበደሩ፣ በየወሩ እኩል የምትከፍሉ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 86 በመቶ ገደማው ወለድ ነው፣ ዋናው ብድር የሚቀነሰው በቀረችው ነው። እስከ መጨረሻው ከፍላችሁ ስትጨርሱ የተበደራችሁትን 2.3 እጥፍ ከፍላችኋል። ያንኑ ብድር ወደ 15 ዓመት ብታወርዱት ወርሃዊው በ11 በመቶ ገደማ ነው የሚጨምረው፣ ጠቅላላው ግን ወደ 1.9 እጥፍ ይወርዳል። እኔ አላመንኩም፣ ማታ በኤክሴል ሰራሁት፣ ትክክል ነው። ባለቤቴ «ረጅሙ ይሻለናል፣ ወርሃዊው ይቀንሳል» እያለ ሲከራከር የነበረው ሰው ያን ቀን ዝም አለ (ይሄን ሲያነብ ይናደዳል)። «መኪናው ቆሞም ባንኩ አይቆምም ነበር» ይል ነበር ሰውየው፣ ስለዚ የወር ክፍያችንን ያሰላልን በሁለታችን ደሞዝ ሳይሆን አንዳችን ሥራ ብናጣ በሚል ነው። በጀታችን ወረደ፣ የሱም ኮሚሽን አብሮ ወረደ ማለት ነው።

መሀል ላይ ደግሞ አምሮን «ትንሽ አፓርትመንት ገዝተን እናከራይ» አልን። ሻጩ በዓመት የዋጋዋን 8 በመቶ በኪራይ ታመጣለች ብሎናል። ሰውየው ቀነሰልን፦ ተከራይ ሲቀያየር በዓመት አንድ ወር ባዶ ብትቆይ ከኪራዩ 8.3 በመቶ ሄደ፣ ጥገና አለ፣ ግብር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የጋራ ወጪ አለ። እጃችን ላይ የቀረችው ከ6 በታች ሆነች፣ የብድሩ ወለድ ደግሞ ከዛ በላይ ነው። ሀሳቡ እዛው ሞተ።

ከማተሚያ ቤቱ የተረፈው ፊደል መልቀም ነው። የሻጩ ስም ባለቤትነት ሰነዱ ላይና መታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል እንደሚለያይ ያገኘው እሱ ነው፣ እኛ አምስቴ አንብበነው አላየንም። ካልተስተካከለ ስም ዝውውሩ ላይ አስቸግሮን ነበር። ቤቱ እዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ከመዝጋቢው ቢሮ ራሳችን ሄደን እንድንጠይቅ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩም እንዲፈርም፣ የውሉ እያንዳንዱ ገጽ እንዲፈረም አደረገን። ካሬው ደግሞ በረንዳና ደረጃ ተደምሮ ነው ወይስ የውስጡ ብቻ? እዚ ጋ ሰው ይበላል።

ሰውየው ወሬ ሲጀምር ሁሌ የሚጠቅሰው የሂልተን ሆቴሎችን መሥራች ኮንራድ ሂልተንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ባንክ ሊገዛ ቴክሳስ ውስጥ ሲስኮ የምትባል ከተማ ሄዶ ባንኩ ሳይሳካለት ቀርቶ ሞብሊ የሚባለውን 40 ክፍል ያለው ሆቴል ገዝቶ የተመለሰውን። እኔ ደግሞ ስፈልግ ኤቢ ሃሊዴይን አገኘሁ፣ ዳላስ ውስጥ የሴቶች ባርኔጣ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት፣ በ1945 የደንበኛዋ ባል አልሸጥ ያሉትን የሲሚንቶ ቤቶች ሽጭልኝ ሲላት ምንጣፍና መጋረጃ አልብሳ ሸጠቻቸው፣ ከዛ ትልቅ የቤት ሽያጭ ድርጅት መሠረተች። ባርባራ ኮርኮራንም ቢሆን አስተናጋጅ እያለች ነው በ1973 ከፍቅረኛዋ 1,000 ዶላር ተበድራ ኒውዮርክ ውስጥ የቤት ድለላ ድርጅቷን የጀመረችው፣ በ2001 በ66 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። ደስ ይላል። ግን አራት ሥራ ቀይሮ አምስተኛውም ላይ የወደቀው ሰው ታሪኩን ማንም አይጽፍለትምና በነዚ ብቻ ሥራ ልትለቁ ያሰባችሁ ትንሽ ቆዩ። ሰውየው ራሱ የመጀመሪያዎቹን 5 ወራት አንድ ቤት ሳይሸጥ ማሳለፉን ነግሮናል፣ ኮሚሽን የሚመጣው ሽያጭ ሲዘጋ ነው፣ እስከዛ ሚስቱ ናት ያኖረችው።

አሁን ወደ ማጉረምረሜ። ሰዓት የለውም። «መንገድ ላይ ነኝ» ካለ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ቮይስ ይልካል፣ 6 ደቂቃ፣ ቁምነገሩ 5ኛው ደቂቃ ላይ ነው ያለው።

ሲሪየሱ ደግሞ ይሄ ነው፦ አንዱን ቤት ለሶስተኛ ጊዜ ልናይ ስንሄድ ሻጩም እንደሚከፍለው ከሻጩ አፍ ሰማን። ፊት ለፊት ጠየቅኩት፣ «ልነግራችሁ ነበር» አለ። መቼ? ከተፈረመ በኋላ? ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድርሻው የሚጨምር ሰው ከሁለቱም ወገን ሲበላ ለማን ብሎ ነው ዋጋ የሚያስቀንሰው? አልካደም፣ ይቅርታም ጠየቀ፣ ከዛ በኋላ ከኛ ብቻ እንደሚወስድ በወረቀት ፈረመልን፣ ያንን ቤት ግን ተውነው። ከሱም ይሁን ከሌላ ጋር ስትሰሩ መጀመሪያ ቀን ጠይቁ፣ በጽሑፍ ይሁን፣ እኔ ያላደረግኩት እሱን ነው።

ሌላው፣ ውል ከተፈረመ በኋላ ሰውየው ይቀዘቅዛል። የመብራትና የውሃ ስም ማዛወሩን ሁለት ሳምንት ለብቻችን ነው የተንከራተትንበት። መጀመር ይወዳል፣ መጨረስ ላይ ይሰለቻል፣ አራት ሥራ እንዴት እንደቀየረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። የተቀነሰችው ለሁለት ወገን ክፍያው ናት፣ ሰዓቱንና ቮይሱን ታግሼዋለሁ። ቤት ለማስሸጥ እንዴት እንደሆነ አልሞከርኩትም። ለመግዛት ግን ከፈለጋችሁት ቶሎ በሉ፣ ባለፈው ሳምንት ስደውልለት «እህቴ፣ የቤት ዕቃ ማጓጓዣ ቢዝነስ ልጀምር ነው፣ መኪናዋን አይቻታለሁ» አለኝ። በብድር ነው ወይ አልኩት። ኔትወርክ ተቆራረጠ።