የዋጋ ወይስ የገቢ ዋስትና?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ለገበሬው ሁለት ዓይነት ድጎማ አቀረበ።

ፒኤልሲ የሚባለው የዋጋ ዋስትና ዋጋን ብቻ ያያል። ሕጉ ለበቆሎ ያስቀመጠው መነሻ ዋጋ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው) 3.70 ዶላር ነበር። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ 3.40 ቢሆን፣ 30 ሳንቲሙን መንግሥት ይሞላ ነበር። ምርቱ ቢያምርም ባያምርም ለውጥ የለውም።

ኤአርሲ የሚባለው የገቢ ዋስትና ግን፣ በካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) በሚሰላው ዓይነቱ፣ ዋጋንና ምርትን አባዝቶ የመላ ካውንቲውን ገቢ ያሰላል። በ2014ቱ ሕግ ገቢው ከተለመደው ገቢ 86 በመቶ በታች ሲወርድ ይከፍል ነበር። ክፍያው ግን ከተለመደው ገቢ 10 በመቶ አያልፍም ነበር። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ያንተን ማሳ በረዶ መትቶት የጎረቤቶችህ ካማረ፣ አምስት ሳንቲም ላታገኝ ትችላለህ። ይሄ በጣም ያንገበግባል።

ሁለቱም የሚከፍሉት በተመዘገበው የድሮ የሰብል መሬት 85 በመቶ ላይ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አኩሪ አተር የዘራ ሰው የበቆሎ ድጎማ ሊደርሰው ይችላል። ብሩም ከአጨዳ በኋላ ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፤ ዕዳ ላለበት ረጅም ጊዜ ነው።

ዋጋ ለረጅም ጊዜ ይወድቃል ብሎ ለሚሰጋ ፒኤልሲ ይሻለዋል እላለሁ። ድርቅ አካባቢውን በሙሉ በሚመታበት ካውንቲ ግን ኤአርሲን እመርጣለሁ።