የ11 ወሩ ፈቃድ፦ የኒው ዮርክ ጊዜያዊ የአደባባይ ሥዕል አገልግሎት ሲመዘን

የኒው ዮርክ ከተማ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአደባባዮች፣ በእግረኛ መንገዶች፣ በአጥሮችና በኮንክሪት መከለያዎች ላይ ጊዜያዊ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚያስተናግድበት ፕሮግራም አለው። ፈቃዱ ቢበዛ ለ11 ወር ነው። አገልግሎቱ ለአንድ የሰፈር ማኅበር፣ ለነጋዴዎች ኅብረት ወይም ለአንድ ሠዓሊ ይሆናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀን መልሳችን አዎ ነው። የምንነቅፍበትም ነገር አለን፤ ወደ ታች እንደርስበታለን። ከሁሉ በፊት ግን የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት መነገር አለበት፦ ሥዕሉ መቼ እንደሚነሳ ገና ሳይጀመር ተቆርጦ ይታወቃል።

ለምን 11 ወር? በኒው ዮርክ በከተማው ይዞታ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ የሥነ ጥበብ ሥራ የከተማው የዲዛይን ኮሚሽን ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል። ከዓመት የሚያንሰውን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ራሱ መርምሮ ይጨርሰዋል። ይህ የወረቀት ሥራ ማሳጠሪያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የገምጋሚውን ጥያቄ ከሥሩ ይለውጠዋል። ለዘላለም የሚቆም ሥራ ሲሆን ሁሉም ሰው ስለ ውበት ይከራከራል፣ ክርክሩም ዓመት ይፈጃል። ለ11 ወር ሲሆን ግን ጥያቄው «ሰው በሰላም ይራመድበታል ወይ? ሲያበቃስ ወለሉ እንደነበረ ይመለሳል ወይ?» ይሆናል። ሁለቱም በመለኪያና በልምድ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ይህ አካሄድ ትክክል መሆኑን በደንብ ያሳየው ታይምስ ስኩዌር ነው። ከተማው በ2009 እዚያ የሚያልፈውን ብሮድዌይ የተባለ መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ ከፈተው፤ በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ውሳኔው ቋሚ እንዲሆን ተወሰነ። ቋሚው የአደባባይ ግንባታ እስኪጀመር ግን ሰው የሚቀመጠው የመኪና መንገድ በነበረ ጥቁር አስፋልት ላይ ነበር። ከተማው ውድድር አወጣና 150 ያህል ሐሳብ ቀረበ፤ የሠዓሊዋ የሞሊ ዲልዎርዝ ንድፍ ተመረጠ። ናሳ የማንሃተንን ሙቀት በኢንፍራሬድ ካሳየበት መረጃ ተነስታ፣ ከ42ኛ እስከ 47ኛ መንገድ ድረስ ወደ 50,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 4,600 ካሬ ሜትር የሚሆን ወለል በሰማያዊና በነጭ ሸፈነች። ፈካ ያሉት ቀለሞች የተመረጡት የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልሱ ነው፤ ጥቁር አስፋልት ሙቀቱን ይውጠዋል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ቦታው ነው። ያ አስፋልት በቅርቡ ተቆፍሮ እንደሚነሳ የታወቀ ስለነበር ሥዕሉን የማስወገዱ ጣጣ ከግንባታው ጋር አብሮ ተፈታ።

ማመልከቻ የምታዘጋጁ ሁሉ ከዚህ አንዱን ነገር ውሰዱ። ቦታ ስትመርጡ ለከተማው መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህ ወለል መቼ ነው እንደገና አስፋልት የሚለብሰው?» የሚለውን ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት የሚለብስ ከሆነ ቦታው ለእናንተ ነው። ባለፈው ወር የለበሰ ከሆነ ተዉት፤ አዲስ አስፋልት ቢያንስ አንድ ወር ያህል ካልቆየ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ አክሪሊክ ቀለም አይዝም፤ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል።

ከዚያ ወለሉን ዝናብ ከጣለ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩት። ውሃ የተኛበት ቦታ ሁሉ ቀለም ቀድሞ የሚላጥበት ቦታ ነው። እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ አትሣሉ፤ ስንጥቁ ቀለሙን ይዞት ይወርዳል። የማንሆል ክዳን፣ የውሃና የጋዝ መዝጊያ ሣጥን፣ የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ምንም ቀለም ሳይነካቸው እንዲቀሩ በንድፉ ላይ ከነልካቸው ይገቡ። ይህን የዘነጋ ንድፍ ገምጋሚዎቹ ይመልሱታል፤ መመለሳቸውም ትክክል ነው። የመብራትና የውሃ ድርጅቶች ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ይቆፍራሉ፤ ጥቁር መጣፊያ ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ አሥረኛውን ከነቀለም ቁጥሩ አስቀምጡ።

ዓይነ ስውራን በእግራቸውና በዘንጋቸው የሚያውቁት፣ በእግረኛ መንገዱ መውረጃ ላይ ያለው ጉብ ጉብ ያለ ንጣፍ በፍጹም አይቀባም። በዙሪያውም ያ ንጣፍ ጎልቶ እንዲታይ ቀለሙ መቃረን አለበት። ቢጫ ንጣፍ ዙሪያውን በቢጫ አበባ ያስከበበ ንድፍ ስንት ውበት ቢኖረው መሻር ያለበት ንድፍ ነው። ጉድጓድ ወይም ደረጃ የሚያስመስል የዓይን ማታለያም እንዲሁ፤ እይታቸው የደከመ አረጋውያን እዚያ ላይ ይቆማሉ፣ ይደናገጣሉ፣ አንዳንዴም ይወድቃሉ።

ሥዕሉ ከመኪና መንገድ ጋር በሚገናኝበት በኩል ሕጉ ጥብቅ ነው። ቀስት፣ ባለ ስምንት ጎን ቀይ ቅርጽ፣ ትይዩ ነጭ መስመር፣ የትራፊክ ምልክት የሚመስል ነገር ሁሉ አይፈቀድም። የአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ 11ኛ እትም በ2023 መጨረሻ ወጥቷል፤ በአስፋልት ላይ ስለሚደረግ ማስዋቢያም ይናገራል። በጁላይ 2025 የፌዴራሉ ትራንስፖርት ሚኒስትር ለክልል ገዥዎች በላኩት ደብዳቤ ማቋረጫዎችና መገናኛዎች ላይ ያሉ ሥዕሎች እንዲነሱ ግፊት ተደርጓል። በሚቀጥለው ወር ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ ላይ፣ በፐልስ የምሽት ክበብ ለተገደሉት ከቆመው መታሰቢያ ፊት ያለው የቀስተ ደመና ቀለም ማቋረጫ በክልሉ ትእዛዝ በቀለም ተሸፈነ። በዚህ ጊዜ የምንመክረው ግልጽ ነው፦ ሥዕላችሁ ለመኪና በተዘጋው የአደባባዩ ክፍል ውስጥ ይቅር፤ ዜብራውን አትንኩ። ይህን የምንለው የመንገድ ሥዕል ጉዳት አለው ብለን አይደለም። ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2022 ያወጣው ጥናት 17 ቦታዎችን ከሥዕሉ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ፣ እግረኞችና ብስክሌተኞች ላይ የሚደርሰው አደጋ በግማሽ መቀነሱን አግኝቷል። 17 ቦታ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሥዕል አሽከርካሪን ያዘናጋል ለሚለው ክስ ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የግድግዳ ቀለም መሬት ላይ አይሠራም፤ ሁለት ሳምንት ሰው ሲመላለስበት ያልቃል። የሚያስፈልገው በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ የመንገድ ወይም የስፖርት ሜዳ ቀለም ነው። ሻካራ አስፋልት ላይ የመጀመሪያው እጅ በካሬ ሜትር 0.3 ሊትር ያህል ይጠጣል፣ ሁለተኛው እጅ 0.2 ይበቃዋል። ለ200 ካሬ ሜትር 100 ሊትር ማለት ነው፤ መጠባበቂያው ሲጨመር 110። በአሜሪካ ጋሎን 29 ገደማ ይሆናል። ንድፉ ስምንት ቀለም ካለው ከእያንዳንዱ የሚተርፈው ስለሚበዛ ወጪው ይጨምራል። አራት ወይም አምስት ቀለም ያለው ንድፍ ርካሽ ነው፤ ከሩቅም በደንብ ይነበባል።

መንሸራተት ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። አስፋልት ሻካራ ሆኖ ሳለ ሁለት እጅ ቀለም ቀዳዳውን ይሞላዋል፤ ዝናብ ሲነካው ወለሉ ያንሸራትታል። መድኃኒቱ ደቃቅ የሲሊካ አሸዋ ወይም ለዚሁ የሚሸጥ የፕላስቲክ ብናኝ ነው። ስህተቱ ባልዲ ውስጥ አማስሎ መተው ነው፤ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከባልዲው አፍ የተቀባው ወለል ልስልስ፣ ከታቹ የተቀባው እንደ ሞረድ ሻካራ ይሆናል። በአንዱ አበባ ላይ እግር ይይዛል፣ አጠገቡ ባለው ቅጠል ላይ ይከዳል። የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ በእጅ እኩል መበተን፣ ሲደርቅ ያልያዘውን በመጥረጊያ መጥረግ፣ ከዚያ በሁለተኛው እጅ መቆለፍ ይሻላል። ቀለሙ እንዲያበራ ተብሎ ከላይ የሚደረበውን አንጸባራቂ ሽፋን ተዉት፤ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል። መለኪያ ለሚፈልግ፣ የብሪታንያ ባለሙያዎች በፔንዱለም መሣሪያ (ተወዛውዞ ወለሉን እየነካ መንሸራተቱን በሚለካ ክንድ) እርጥብ ወለል ሲለኩ 36ና ከዚያ በላይ ከሆነ የመንሸራተት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ይላሉ። ይህን ውጤት ማመልከቻ ላይ ማያያዝ ማንም ባይጠይቃችሁም ይጠቅማል።

በቅቡ ዋዜማ ወለሉ በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ማስቲካና የዘይት ጠብታ በእጅ ይፋቃል። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ንድፉን ለማስፈር መሬቱን በጠመኔ በተነከረ ገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መክፈልና ከወረቀቱ ሣጥን በሣጥን ማሸጋገር በቂ ነው። የወለሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ወይም ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ካልበለጠ አይቀባም። በኒው ዮርክ ይህ ሲሰላ የሚቀባው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፤ ማመልከቻውም ካለፈው መኸር ጀምሮ መግባት አለበት። የሮለርና የብሩሽ እጣቢ ወደ ጎርፍ መውረጃ አይደፋም፤ እዚያ የገባ ውሃ ብዙ ቦታ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። በርሜል ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ማንሳት እዚህ ላይ ከተማውን እንነቅፋለን። መሥሪያ ቤቱ ቦታው እንደነበረ እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ሸክሙ ግን ያለው አጋር በሆነው ማኅበር ላይ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማንሳት አስፋልቱን ይቦረቡረዋል። በማሽን መፋቅ የሥዕሉን ጥላ ትቶ ያልፋል። በጥቁር ቀለም መሸፈን ርካሽ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ያንሸራትታል፣ ይላጣልም። የ11 ወሩን ቀን የቆረጠ ከተማ ቀኑ ሲደርስ በራሱ የመንገድ ጥገና ሰሌዳ ቢያነሳው ኖሮ ትናንሽ ማኅበራት ባልፈሩት ነበር። ጥገናውና መድኑም እንዲሁ ነው፤ ትልቅ የነጋዴዎች ኅብረት በቀላሉ ይሸከመዋል፣ በፈቃደኞች የሚሠራ የሰፈር ማኅበር ግን ይከብደዋል። ለዚህ ነው ሥዕሎቹ ገንዘብ ባለበት ሰፈር የሚበዙት ብለን እናምናለን፤ ይህም መታረም አለበት።

ከሠዓሊው ጋር ያለው ውልም አይረሳ። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የሠዓሊዎች መብት ሕግ ጊዜያዊ ሥራንም ሊጠብቅ ይችላል። ኩዊንስ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የተባለው ሕንፃ ባለቤት በ2013 ሥዕሎቹን በሌሊት ነጭ አስቀብቶ፣ በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች በ45 ሥራዎች ምክንያት 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሲያጸና ሥራው ጊዜያዊ መሆኑ ብቻ ጥበቃውን እንደማያሳጣው አስረግጧል። ስለዚህ የሚነሳበት ቀን፣ ማን እንደሚያነሳው፣ ሠዓሊው ሥራው ሲነሳ መብቱን እንደማይጠይቅበት በፊርማ ይስፈር። ሠዓሊውም ይህን ሲፈርም ክፍያው በዚያው ልክ ይታሰብለት፤ ስሙ ብቻ ይጠራልሃል ተብሎ የሚሠራ ሥራ መኖር የለበትም።

ቀን ሳይቆረጥ የሚጀመር ሥዕል ምን እንደሚገጥመው ዋሽንግተን ዲሲ ያለ አንባቢ በዓይኑ አይቷል። በ16ኛው መንገድ ላይ በጁን 2020 በትልልቅ ቢጫ ፊደላት የተጻፈው ብላክ ላይቭስ ማተር (የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው) በማርች 2025 በማሽን ተቆፍሮ መነሳት ጀመረ፤ መቼና እንዴት እንደሚነሳ የተወሰነው በፖለቲካ ግፊት ነበር። ብዙ ትርጉም የነበረው ሥራ እንደዚያ መነሳቱ ያሳዝነናል።

አዲስ አበባም በለገሃርና በሰባተኛ መገናኛዎች በቀለምና በኮን ለእግረኛ ቦታ የማስፋት ሙከራ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮም መንገድ ለሰው በሚል መንገዶች ለጊዜው ለመኪና ይዘጉ ነበር። እዚያ ይህን አሠራር መውሰድ የሚፈልግ ወገን የቀን ቆረጣውንና የወለል ምርመራውን እንዳለ ይውሰድ፤ የቅቡን ወቅት ግን ይለውጥ። ክረምቱ ወጥቶ ወለሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ይቀባ። ጠዋት ጤዛ ስለሚኖር ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ሮለር አይነሳ፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይም ይቁም፣ ማታ ብርዱ ሳይመጣ ቀለሙ እንዲይዝ።