ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሾላው ስር፦ ለጥላው አምስት ኮከብ፣ ለሻዩ ሦስት ተኩል

እዚህ ሂሳብ የምትከፍሉት ለሻይ ነው፣ የምትመጡት ግን ለዛፉ ነው። ድሬን የሚያውቅ ይገባዋል። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሱቁ ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ አስፋልቱ ላይ መቆም ሲያቅት፣ እንግዳ ሆናችሁ ሜዳ ላይ ከቀራችሁ ወደ ሾላው ነው።

ከድሮው ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ከተማዋን የቆረቆራት በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ነው፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶችም ከዚያ ዘመን የመጡ ናቸው። የአሁኑ ባቡር ግን ከከተማ ውጪ ነው የሚያወርዳችሁ፣ ስለዚህ ባጃጅ ያዙና ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።

ቦታ ሞልቷል ብላችሁ እንዳትመለሱ። አንዱ "አቦ ጠጋ በል!" ይልና ያስቀምጣችኋል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከየት እንደመጣችሁ፣ ማን ዘመድ እንዳላችሁ፣ ሐረር ትወጡ እንደሆነ ተጠይቃችሁ አልቋል። አንቱ የሚባል ነገር አትጠብቁ፣ ይሄ ድሬ ነው። ሽማግሌዎቹ ከግንዱ አጠገብ ያለውን አግዳሚ አይለቁም፣ እሱን ተዉላቸው። ለነገሩ ሾላ ስር መሰብሰብ በዚህ አገር የቆየ ነው። ኦሮሞው ኦዳ ይለዋል፣ ምዕራብ ሐረርጌ ያለው ኦዳ ቡልቱምም የገዳ ጉባኤ የሚደረግበት ነው።

ሻዩ ስኳሩ ይበዛል፣ ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ሽሮፕ ነው። ሆጃ (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል በወተት የሚፈላው) ካለ እሱን እዘዙ። ሳምቡሳው ትኩስ ሲሆን ከበስባሱ (ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ) ጋር አንደኛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን የጠዋቱን አሙቀው ነው የሚያመጡት። አስተናጋጁም ስልኩን አይቶ ሲጨርስ ነው የሚመጣው።

ነጭ ልብስ አትልበሱ! ሾላ የሚያፈራው ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ በዘለላ ነው፣ ሲበስል ወፍ ይሰበሰብበታል፣ የተረፈው ደግሞ ብርጭቋችሁ ውስጥ ጧ ይላል። ከፍታችሁ ካያችሁት ውስጡ ጥቃቅን ነፍሳት ሞልቶታል። እኔ ልጅ ሆኜ እፍ ብዬ እበላው ነበር፣ አሁን አልደፍርም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ ብለው እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ አፍስሰውበታል፣ የመብራት ገመዱንም በሚስማር ቸንክረውታል። ስሩ ውሃና አየር በምን በኩል ያግኝ? ቢያንስ ዙሪያውን ሁለት ሜትር አፈር ይተዉለት፣ ገመዱንም እንጨት ተክለው ያንጠልጥሉት። ዛፉ ከደረቀ በዚህ ሻይ ብቻ ደንበኛ አይመጣላቸውም።